በእኔ ፋንታ የሚሳም ጉልበት

አማን፣ አብዱን
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሔርሜላ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በወረቀት የጻፍኩልሽ የወንድምሽን ሠርግ በስልክ ባነሳሁብሽ ቁጥር ኔትወርኩ ስለሚጠፋ ነው። ስለ ጫማሽ ስናወራ ግን ጠፍቶ አያውቅም። እዚህ እንደ እኔ በሰው ቤት የምትሠራው ሮዛ ኮንትራቷን ጨርሳ አገር ስለምትገባ ደብዳቤውን በእጇ ትሰጥሻለች፤ ከአንድ ቀሚስ ጋር። ስለ ቀሚሱ ኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የዚህ ቤት ወሬ። የአሠሪዬ የካሊድ እናት፣ ሐጃ፣ እንደ ድሮው ናቸው። ሰባተኛ ዓመቴን ይዤ ዛሬም ስሜን አይጠሩም። “ዓብደ” ይሉኛል፤ ባሪያ ማለት ነው። በክፋት አይመስለኝም፤ ጨው አቀብዪኝ በሚሉበት ድምፅ ነው። የምጠጣበት ኩባያም ለብቻው ነበር፤ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ከማጠቢያው ሥር የሚቀመጥ።

የልጅ ልጃቸው ሳቢራ ጁበይሃ ካለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው ወር አያቷ ሲጠሩኝ ሰምታ ተቆጣች። ነውር ነው፣ ስም አላት፣ ሸዋ ነው የምትባለው አለቻቸው። ሙሉ ስሜ ሸዋረጋ መሆኑን የነገራት የለም፤ ግማሹም ስም ነው ብዬ ተቀበልኩ። ኩባያዬንም አንስታ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት መለያ ኩባያ የለም አለች። አልዋሽሽም፣ እንባዬ መጣ። በሳምንቱ ጓደኞቿ መጡና ሻይ ሲጠጡ ለእኔም ቀዳችልኝ፤ በወረቀት ኩባያ። ትውልድ የሚሻሻለው እንዲህ ነው፤ አያት አጥባ ታስቀምጠዋለች፣ የልጅ ልጅ ትጥለዋለች።

ለሠርጉ ፈቃድ ስጠይቅ ሐጃ “ማን ያጥበኛል?” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቢያንስ እውነታቸውን ነው። ካሊድ እናቱን አየ፣ ፓስፖርቴ ያለበትን መሳቢያ አየ፣ ከዚያ ስልኩን ማየት ጀመረ። የቀረችኝ ሳቢራ ነበረች። አቀፈችኝና “ሸዋ፣ አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ። ቤተሰብ እንዴት ጥሎ ይሄዳል?” አለችኝ። ለባሪያ ምናልባት ፈቃድ ይሰጥ ይሆናል፤ ለቤተሰብ ግን አይሰጥም።

ስለዚህ አልመጣም። ጥር 16 ወንድምሽ ቢኒያምና ሙሽራው አሪየት ጉልበት ሊስሙ ሲመጡ፣ በአባታችሁ ወንበር አጎታችሁ ሀብተ ማርያም ይቀመጣሉ፤ በእኔ ወንበር አንቺ። ሌላ ሰው የለኝም።

በስልክ የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። “ማሚ፣ ልጅቷ የጋምቤላ ናት፣ ፎቶዋን አየሁት። ባሪያ ጉልበቴን አይስመኝም። ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?” ብለሻል። መጨረሻው ላይ የምትስቅ ፊት አድርገሻል። ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው። ሐጃ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

መልእክትሽ በደረሰኝ ዕለት ከሰዓት ሳቢራ ደብተር ይዛ ማድቤት ገባች። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው አለችኝ፤ ወጣቶች ከአያቶቻቸው በተሻለ ሰውን በቀለሙ መናቅን ትተዋል ወይ የሚል። ድስት እየፈተግኩ መለስኩላት። ወደ መጨረሻው “በእናንተ አገርስ? ሁላችሁም ጥቁር ስለሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ አይደል?” አለችኝ።

“የለም” አልኳት። “ወጣቶቹ ዘንድማ ጭራሽ።”

ጻፈችው። ለአንቺ ብዬ ነው የዋሸሁት። በጾም ዋሽቼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

ልቆጣሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ አልሆነልኝም። ሰባት ዓመትሽ ላይ ውኃ የምትቀዳልን ጥቁር ልጅ ነበረች፣ አመለወርቅ። አንድ ቀን ከአንድ ሳህን ስትበሉ አገኘኋችሁና እጅሽን መታሁሽ። “ከባሪያ ጋር አይበላም” አልኩሽ። ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጠዋት ስለ ሰው ልጅ እኩልነት አስተምሬ መምጣቴ ነበር። አንቺ “ለምን?” አልሽኝ። አመለወርቅ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እንስራዋን አንስታ ወጣች። ጥያቄሽን እስካሁን ይዤዋለሁ ልጄ፤ ሰባቱን ዓመት በዚህ ቤት ውስጥ።

አሁን ስለ ቀሚሱ። ፈቃድ ይሰጡኛል ብዬ፣ ለሠርጉ ያሰፋሁት ነው። ወገቡ ይሰፋሻል፣ አጥብቢው። እሱን ለብሰሽ ተቀመጪልኝ። አሪየት ስትጎነበስ እግርሽን አትሰብስቢ፤ የምትስመው ያንቺን ሳይሆን የእኔን ጉልበት ነው። የእኔ ደግሞ የሰው ደረጃ ሲወለውል የኖረ ስለሆነ ሰው አይመርጥም።

እምቢ ካልሽ ከዚህ ሆኜ ምንም ላደርግ አልችልም። ቀሚሱን ለአጎትሽ ስጪያቸው፤ ወንበሩ ላይ ያንጥፉት። ልጆቼ ጨርቁን ይሳሙ።

እኔ የማላየውን ቀን አምላክ ለአንቺ ያሳይሽ። የዘራሁብሽንም እሱ ይንቀልልሽ።

እናትሽ ሸዋረጋ

ማስታወሻ፦ ሳቢራ ጥናቷን የምታቀርበው ከሠርጉ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ወጣቶች ዘንድ የለም ብላ ጽፋለች። አታስዋሺኝ።