የሮቦቶቹን ዐይን የምወለውለው እኔ ነኝ

ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? አባባ ምግብ ይበላል? እማማስ በርትታለች? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው።

ሥራህ ምንድን ነው ብለሽኝ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ የሚያመላልሱ አርባ ሮቦቶች አሉ። እንደኛ ዐይን የላቸውም። ግንባራቸው ላይ በመስታወት የተሸፈነ ሴንሰር የሚባል ነገር አለ። ከዚያ ለእኛ የማይታየን ብርሃን ወጥቶ ያገኘውን ነክቶ ይመለሳል፤ ለመመለስ በፈጀበት ጊዜ ግድግዳው ወይም ሰዉ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃሉ። ሰው ከቀረባቸው ቀጥ ይላሉ። አባባ መሬቱን በከዘራው እየመታ፣ ድምፁን ሰምቶ ግድግዳው ጋ መድረሱን እንደሚያውቀው ማለት ነው፤ አባባ ግን ባትሪ አያልቅበትም። ጠዋት ጠዋት መስታወታቸውን በለስላሳ ጨርቅ የምወለውለው እኔ ነኝ። የሮቦት ዐይን አጣቢ ሆንኩልሽ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዱ ሮቦት አብራን የምትሠራውን ዕቃ አሻጊ ገጫት። እናት የምትሆነኝ ሴት ናት፤ ምሳዋን ሳታካፍለኝ በልታ አታውቅም። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። አለቃችን ጠራኝ። መስታወቱ ጠርዝ ላይ ግራሶ ተለድፎ ኖሯል፤ በዚያ በኩል ብርሃኑ ስለታፈነ ሮቦቱ ሴትዮዋን አላያትም። «ይሄ አይታይህም?» አለኝ። «ይታየኛል፣ ቸኩዬ ነው» አልኩት። አልታየኝም ነበር እትዬ። በጣቱ እስኪነካው ድረስ የት እንዳለ አላወቅኩም።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዐይንህ ከዳር ጀምሮ እየጠበበ ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ ማዘግየት ግን ይቻል ይሆናል አለኝ። ከቤተሰብህ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩ። አባባን ካድኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት። ዕድሜውን ሙሉ «ለልጆቼ ብቻ አይድረስ» እያለ የኖረ ሰው ነው።

እስካሁን እያንዳንዱን መስታወት ሁለት ሁለቴ እየወለወልኩ ዝም ብዬ ነበር። ትናንት አሻጊዋን ልጠይቃት ቤቷ ብሄድ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ማሽን ነው ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይል የለ አባባ፤ ለእኔ የጠራው እውነቱ ብቻ ነው። ነገ ለአለቃው እነግረዋለሁ። ሥራው እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ከሚሰበር ይቅር። ከዚያ ሐኪሙ ጋ ተመልሼ አባት አለኝ እለዋለሁ።

ለአባባ እንዳትነግሪው ልልሽ አስቤ ነበር። ግን ስታነቢ ድምፅሽ የተያዘበትን ቦታ ያውቀዋል። ስለዚህ ሳትዘልዪ ሁሉንም አንብቢለት፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነም ንገሪው። ማልቀሱ አይቀርም። ሲረጋጋ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ መጀመሪያ ከዐይኑ የጠፋበት ምን ነበር፣ ያኔስ በሩን እንዴት ያገኘው ነበር? እኛ አንድ ቀን ጠይቀነው አናውቅም።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ መጠገን እንዳይረሳ። ቁንጥንጧን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ፎቶዋንም ቶሎ ላኪልኝ። ቀረብ ብለሽ አንሺያት፤ ፊቷ መሃል ላይ ይሁን።

ወንድምሽ
ከመጋዘኑ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን