ሳትነግረኝ ያስጠናኸኝ

ይድረስ ለታዴ፣ ለልጆቼ አባት፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እዚህ ሴቻ ሁላችንም ደህና ነን። ትልቋ ልጃችን ተመርቃለች፤ ማንጎው አጥሩን አልፎ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ያፈራል። የእኔም ወሬ አልቀነሰም፤ የቀነሰው የሚሰማኝ ሰው ነው።

መጀመሪያ ደስታዬን ልንገርህ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰዓት በኋላ እናቶችን ማንበብ አስተምራለሁ። አዎ፣ እኔ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆምኩት። የያዝኩት የአንተን መንገድ ነው፤ ዛሬ ያስተማርኩትን ነገ እጠይቃለሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ፣ ከዚያም ልክ ሊረሱት ሲሉ ድንገት። ቲማቲም የምትሸጠው ቦጋለች ባለፈው አብረን ሲቀላ ወርደን፣ በየሱቁ በር እየቆመች የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብላ ስታነብ አስመሸችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬን ልንገርህ።

የመጨረሻውን ዓመትህን ታስታውሳለህ? የትምህርት ቤቱ ልጆች አልበቁህ ብለው እኔንም ተማሪ አደረግከኝ። ላንቴ ላለው ሙዛችን የውሃ ተራችን መቼ እንደሆነ፣ ከእናቲቱ ሙዝ ሥር የትኛው ቡቃያ ተትቶ የትኛው እንደሚቆረጥ፣ ነጋዴ ሲመጣ ምን እንደሚባል። ጠዋት ጫማህን እያሰርክ ትጠይቀኛለህ፤ በሳምንቱ ባጃጅ ውስጥ ሰው እየሰማን ትጠይቀኛለህ። እንደ ደካማ ተማሪ ቆጠርከኝ ብዬ ስቆጣ ትስቅና፣ «እሺ፣ አንዴ ድገሚልኝ» ትላለህ። እደግምልሃለሁ። ዛሬ ውሃውን የማዞረው፣ ቡቃያውን የምቆርጠው እኔ ነኝ። አንዱም አልጠፋኝም።

ታዲያ በቀደም እህትህ አየለች ከገረሴ ወርዳ ስንጫወት፣ የማውቅ መስሏት፣ ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለህ የነገረህ ቀን በቀጥታ እሷ ጋ እንደሄድክ አወራችኝ። ያ ቀን እኔን ማስጠናት ከመጀመርህ በፊት ነበር። እሷ ታውቅ ነበር። ፓስተሩም ያውቅ ነበር። አጠገብህ የምተኛው እኔ ግን ጨጓራ ነው ስትለኝ አምኜ፣ አጥሚት ሳሞቅልህ ከረምኩ።

ከዳኸኝ ታዴ። የውሃ ተራውን እስኪሰለቸኝ ደጋገምክልኝ፤ እንደምትሞት ግን አንዴ እንኳ አልነገርከኝም። እሱ እኮ መደጋገም አያስፈልገውም ነበር። ያን ዓመት በሙዝ ቡቃያ ስንጨቃጨቅ ከምናሳልፈው፣ ዝም ብዬ አጠገብህ እቀመጥ ነበር። እኔ እንኳ ዝም እል ነበር።

አልረሳህም፤ መርሳትንማ አንተው ከለከልከኝ። ጠዋት ጠዋት ፎቶህን ስወለውል፣ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም እያልኩ እጠይቅሃለሁ። በሳምንቱም እጠይቅሃለሁ። ንዴቴ በርዶ ነገሩ ሊረሳኝ ሲል ደግሞ፣ ላንቴ ውሃ እያዞርኩ ድንገት እጠይቅሃለሁ።

አንተም እስክንገናኝ መልስህን አጥና።

ሚስትህ አበበች