የታችኛው ረድፍ፦ የአቶ ታፈረ እሱባለው የሕይወት ታሪክ (1949–2017 ዓ.ም.)

አቶ ታፈረ እሱባለው ከአባታቸው ከአቶ እሱባለው አድማስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ማርያም ጥላሁን በስማዳ ወረዳ ጎሽ ውሃ በምትባል መንደር ጥር 21 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ እርግጥ ነው፤ እናታቸውን ምጥ የያዛቸው ከአስተርእዮ ማርያም ንግሥ ሲመለሱ ነበርና። ዓመቱን ግን ቤተሰቡ ያገኘው በስሌት ነው። ወላጆቻቸው ሰባት ወልደው ያሳደጉት ሁለቱን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ታፈረንና የመጨረሻዋን ባንቺዓለምን። በሁለቱ መካከል አሥራ ስምንት ዓመት አለ።

አቶ ታፈረ በዘጠኝ ዓመታቸው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ተልከው ሦስት ዓመት ተቀመጡ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ወደ ቅኔ ቤት ለመግባት ሲሰናዱ አባታቸው አስጠሯቸው፤ ቤት ውስጥ ሁለተኛ እርፍ የሚጨብጥ ሰው አልነበረም። ከዚያም ከእርሻው ጎን ለጎን ወገዳ ላይ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1968 ዓ.ም. መሬት ሲከፋፈል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበሩ። ቁጥር ስለሚችሉ የመለኪያ ገመዱን ጫፍ እንዲይዙ ተመረጡ። በ1989 ዓ.ም. በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ደግሞ ዋና ደልዳይ ሆኑ። የድልድሉ ሥርዓት ከአባቶች የተወረሰ ነው፦ ለሙን ማጥበብ፣ ጭንጫውን ማስፋት፣ ክፋቱን በስፋቱ ማካካስ፣ በመጨረሻም ዕጣ መጣል። አቶ ታፈረ አፈሩን በመዳፋቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ ማሳውን ሁለት ጊዜ ዳር እስከ ዳር ተራምደው ካልሆነ ገመድ አይዘረጉም ነበር። በወሰን የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ቀርበው “ታፈረ የለካው ነው” ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ የኔነሽ ተሰማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ጥበቡና ገነት አደጉ። በ1977ቱ ረሀብ አባትና እናታቸው በአንድ ወር ውስጥ አረፉ። ያን ጊዜ ባንቺዓለም የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። አቶ ታፈረ እንደ ልጃቸው አሳድገው፣ ለአቶ ደሴ ዳሯቸው።

ነሐሴ 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጎሽ ውሃ በላይ ያለው ተራራ ተናደ። ሃያ ሦስት ሰው ሞተ። ስድሳ አራት አባወራ፣ አቶ ታፈረና አቶ ደሴ ጭምር፣ ያለ ቤት፣ አብዛኛውም ያለ በሬና ያለ ዘር ቀረ። ወረዳው አምባው ላይ ያለውን የወል ግጦሽ ለአዲስ መንደር ፈቀደ፤ ቆርቆሮና ሚስማር ለመስጠትም ቃል ገባ። መሬቱን የሚደለድለው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

አቶ ታፈረ ስፍራውን አራት ቀን ተመላለሱበት። ደረቁ ሜዳ ከሃምሳ ስምንት ቤት በላይ አይችልም። የቀሩት ስድስት ቦታዎች የግድ ከሜዳው በታች፣ ተዳፋቱ ጫፍ ላይ መዋል ነበረባቸው፤ እዚያ ደግሞ በጋ ከክረምት ቄጠማ ይበቅላል። አቶ ታፈረ ቄጠማውን አይተዋል። አፈሩንም አሽተው “እርጥብ ነው” ብለዋል። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትን ነው፦ ክፋቱን በስፋቱ አካካሱት። የላይኞቹን ቦታዎች ወርድ ሃያ ክንድ፣ የታችኞቹን የስድስቱን ግን ሠላሳ ክንድ አደረጉ። የእርሻ ደንብ ነበር፤ ገብስ ለሚዘራበት እንጂ ልጅ ለሚተኛበት የወጣ ደንብ አልነበረም። በዚያ ቀን ይህን ለይቶ የተናገረ ሰው የለም፤ እሳቸውም ራሳቸው አልለዩትም።

ዕጣው መስከረም 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ተጣለ። እያንዳንዱ አባወራ ምልክቱን ሰጠ፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የፍየል በጠጥ፣ አቶ ደሴ የሸሚዝ ቁልፍ። የማንም ዘመድ ያልሆኑ፣ ጌሾ ይዘው ወደ ወገዳ ገበያ የሚወርዱ ሴት ከመንገድ ተጠርተው ምልክቶቹን በየቦታው ላይ ጣሉ። ቁልፉ ከታችኛው ረድፍ መካከል ላይ ወደቀ።

ታችኛው ረድፍ የደረሳቸው እልል አሉ። ከእነርሱ አንዱ አቶ ቸሬ “እናንተ ላይ ያላችሁ፣ በር ስትከፍቱ የጎረቤት ግድግዳ እንዳትመቱ! እኛስ ከቤት ተርፎን ጎመን እንተክላለን” ብለው ሲያሽካኩ፣ ከላይኛው ወገን ደግሞ “እህቱ ሰፊው ሲደርሳት አያችሁ?” የሚል ጉምጉምታ ተነሣ። ይህ ቃል የአቶ ታፈረን ጆሮ ደረሰ፤ እንደ እሾህም ተሰክቶ ቀረ።

በጥቅምት ወር፣ ደቦው የአቶ ታፈረን ቤት ጣራ እየማገረ ሳለ፣ ወይዘሮ ባንቺዓለም እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ሆኖ መጡ።

“አያ፣ የምሰሶው ጉድጓድ ውሃ አወጣ። ሁለት ክንድ እንኳ አልሞላም።”

“የክረምቱ ነው፤ ይደርቃል።”

“ቄጠማ ያለበት ሲደርቅ የት ያውቃሉ? ላይ ሜዳው ላይ ለሰንበቴው ቤት የተተወችዋን ቁራጭ ይስጡኝ። ጠባብ ትሁን፤ ጎጆ ትቻል ብቻ።”

“ታፈረ ለእህቱ ሲል ዕጣ ገለበጠ ይበሉኝ? አርባ ዓመት የያዝኩት ስም ነው።”

“ስም ጎጆ አይሆነኝ።”

“ዕጣ አይነካም፣ ባንቺ። የእግዜር ነው።”

“ቄጠማውንስ ማን ያበቀለው ይመስልዎታል?”

አቶ ታፈረ ዞረው ለአናጢው ማገር አቀበሉ። ጣራ ላይ የነበሩት ሰዎች ንግግሩን ሰሙ። በሳምንቱ “ዕጣ አይነካም” የሚለው ቃል በመንደሩ ሁሉ በምስጋና ይነገር ነበር። ለገዛ እህቱ ያላዳላ ሰው ተባለ፤ ጉምጉምታውም ጠፋ።

ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። በሬ የተረፈለት ላልተረፈለት እያረሰ፣ ድንጋይ በሰው ጀርባ እየተጋዘ፣ ስድሳ አራቱም ቤቶች እስከ ግንቦት መጨረሻ ቆሙ። ለምረቃው ከወረዳና ከዞን እንግዶች መጡ። ድንኳኑ የተተከለው ሰፊ ግቢ ባላቸው በወይዘሮ ባንቺዓለም ደጅ ነበር። ለእንግዶቹ የተጎዘጎዘውም ቄጠማ ከዚያው ከጓሮ የታጨደ ነው። አቶ ታፈረ ካባ ለበሱ፤ ተጨበጨበላቸው።

ሐሙስ ሐምሌ 27 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የታችኛው ረድፍ መካከል ተንሸራተተ። የሄደው አንድ ቤት ነው። ወይዘሮ ባንቺዓለም ከልጆቻቸው ከዘጠኝ ዓመቱ ዘካርያስና ከአራት ዓመቷ ኢየሩሳሌም ጋር ውስጥ ነበሩ። አቶ ደሴ እርሻ ላይ ነበሩ።

ሰው ሁሉ ያገኘውን ይዞ ያገኘበት ይቆፍር ጀመር። አቶ ታፈረ ገመዳቸውን አመጡ። አጥሩ ከነበረበት ሠላሳ ሁለት ክንድ ወርዶ መቆሙን አዩ፤ ቤቱም ያንኑ ያህል ወርዷል ብለው ከላይኛው የወሰን ድንጋይ ለክተው “እዚህ ቆፍሩ” አሉ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሦስቱም ተገኙ። ከለኩት የሳቱት አንድ ክንድ ብቻ ነበር።

በሠልስቱ አቶ ታፈረ በሽማግሌዎች መካከል ቆመው ፍርድ ጠየቁ። “ዕጣው ማን እንደሚገባበት ነው የመረጠ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፍረዱብኝ” አሉ። የንስሐ አባታቸው ቄስ አበጀ “በዕጣ ላይ ማን ይፈርዳል? ንስሐ ልስጥህ ብልስ በየትኛው ኃጢአት ልስጥህ?” አሏቸው። ሽማግሌዎቹም አዝነው አስቀመጧቸው። አቶ ደሴ በጥቅምት የመጀመሪያውን የገብስ እሸት ለአቶ ታፈረ ይዘው መጡ፤ በየዓመቱም ሳያጓድሉ አመጡ። አቶ ታፈረ እሸቱን በተቀበሉ ቁጥር “በደልከኝ በለኝ” ይሏቸው ነበር። በአራተኛው ዓመት አቶ ደሴ “አያ ታፈረ፣ ይህን ባነሡብኝ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የምቀብራቸው። እባክዎ ይተዉኝ” አሉ። አቶ ታፈረም ከዚያ በኋላ አላነሡባቸውም።

የቀራቸው ጉዳይ አንድ ነበር፦ በታችኛው ረድፍ የቀሩትን አምስት ቤቶች ማስነሣት። መሬቱ እየሰነጠቀ ነበር፤ አቶ ታፈረ ስንጥቁን በየወሩ በስንዝር እየለኩ ይከታተሉ ነበር። ከአምባው በላይ ያላቸውን የገብስ ማሳ ለዚህ ለቀው፣ በውስጡ ቋጥኝ ላይ ያረፉ ደረቅ ቦታዎች በካስማ ለዩ። የእያንዳንዱ ወርድ አሥራ ሁለት ክንድ ብቻ ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ አምስቱንም ደጅ እየዞሩ “ሰኔ ሳይገባ ውጡ” ብለው ለመኑ።

አቶ ቸሬ ሳቁባቸው። “ከሠላሳ ክንድ ወደ አሥራ ሁለት? ጎመኔን የት ልትከላት፣ ጣራ ላይ? ደግሞስ ዕጣ አይነካም። የአንቱ ቃል ነው እኮ፣ ጋሽ ታፈረ። ለእህትዎ ያልፈረሰ ለእኔ ይፈርሳል?”

አቶ ታፈረ ያን ቃል የተናገሩት እግዜርን ፈርተው ሳይሆን ሐሜት ፈርተው እንደነበር ለሁሉም ነገሩ። ሰው ግን “ሐዘን አሳተው” አለ እንጂ አላመናቸውም።

በ2014 ዓ.ም. ከአምስቱ አንዷ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ “ከላይኛው ሜዳ ቤት ባገኝ እወጣ ነበር” አሉ። አቶ ታፈረ በማግስቱ የራሳቸውን ቤት ለቀውላቸው እርሳቸው በምትኩ ታችኛው ረድፍ ወዳለው ወደ ሴትዮዋ ቤት ወረዱ። ወይዘሮ የኔነሽ “አንቱ ሰውዬ፣ መቃብር ከወደዱ ይግቡበት፤ እኔን ግን ቀድመው አይቅበሩኝ” ብለው ንፋስ መውጫ ልጃቸው ገነት ዘንድ ሄዱ፤ የተመለሱት ባለቤታቸው ሲታመሙ ነው። አቶ ቸሬም ለጎረቤቶቻቸው “አላልኳችሁም? ሰፊውን ወሰደ” አሉ። መንደሩም ይህን አመነ።

ወለሉ በጋም ክረምትም እርጥብ በሆነ በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ኖሩ። ሳል የጀመራቸው በ2015 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ሐኪም ሳንባቸው መጎዳቱን ነግሮ ከእርጥበት እንዲርቁ አዘዛቸው። ልጆቻቸው ሊወስዷቸው ቢመጡ “አራቱ ሲወጡ እወጣለሁ” አሉ።

ግንቦት 4 ቀን አቶ ቸሬ ሊጠይቋቸው መጡ። አቶ ታፈረ እጃቸውን ይዘው “ሰኔ ሳይገባ ትወጣለህ?” አሏቸው። አቶ ቸሬ “እሺ” አሉ። በዚያ ሳምንት አልጋቸው አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ የጠየቁትን እሺ ይላቸው ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ አቶ ቸሬ ሲወጡ ልጃቸውን ጥበቡን ጠርተው የሕይወት ታሪካቸው እንዴት እንደሚጻፍ አዘዙ። ካባው እንዳይረሳ፣ ቄጠማውም እንዳይረሳ፤ ለእህታቸው የመለሱት ቃልም እንዳለ እንዲጻፍ፤ ግብዓተ መሬቱ ሳይፈጸም፣ አራቱ ቤተሰቦች ቆመው በሚሰሙበት እንዲነበብ። ቤተሰቡ እንደታዘዘው አድርጓል።

አቶ ታፈረ እሱባለው ረቡዕ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በታችኛው ረድፍ ባለው ቤታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ግንቦት 7 ቀን በጎሽ ውሃ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የኔነሽ ተሰማን፣ ልጆቻቸውን ጥበቡ ታፈረንና ገነት ታፈረን፣ አምስት የልጅ ልጆችን እና የእህታቸውን ባል አቶ ደሴን ትተው ሄደዋል።

ይህ ሲነበብ ከአራቱ ቤቶች ጭስ ይወጣል። ባለፈው ወር ስንጥቁ ከአቶ ቸሬ ቤት በስተጀርባ ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የለካው ሰው የለም። በገብሱ ማሳ ላይ የአራቱ ቦታዎች በካስማ ተለይተው ባዷቸውን አሉ። ሰኔ ሊገባ ሃያ አራት ቀን ቀርቷል።

አምላከ ቅዱሳን የአቶ ታፈረን ነፍስ ባንቺዓለም፣ ዘካርያስና ኢየሩሳሌም ባሉበት ያሳርፍ። ይቅርታውን ከምድር ያላገኙትን፣ ፍርዱንም ከምድር ያላገኙትን፣ እርሱ በቸርነቱ ይስጣቸው። ለታችኛው ረድፍ ሰዎች ደግሞ እግር ይስጣቸው። አሜን።