ከደጅ የቆመችው ጎረቤታችን

ኢልመ ኮ፣ ልጄ ሰልማን፣ የአላህ ሰላም ሪያድ ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ደርሷል። የአባትህ ጉልበት ግን ሰንበቴ ገበያ አላደርስ ብሎታል።

ምርጫው አሰልችቶናል። ሞንታርቦ የጫነ መኪና ከሚሴን ሲዞር ይውላል። አንዱ ተወዳዳሪ «ከክርስቲያን ቤት የሚበላ የእኛ አይደለም» ብሎ ሄደ። የወዲያኞቹም ስለ እኛ እንዲሁ ይላሉ አሉ። ደከመኝ ልጄ።

እትዬ አስካለ ልጇን ልትድር ነው። እንደ ወትሮው ለእስላም እንግዶቿ አባትህ በጉን ሊያርድላት፣ እኔም እሷው ቤት ሄጄ በእኛው ድስት ወጡን ልሠራላት ተነጋግረን ነበር። ትናንት ድስቱን ልትወስድ መጥታ ከደጅ ቆመችና «ልግባ ወይ?» አለችኝ። ሳትጠይቅ ስትገባ የኖረች ሴት! ደንግጬ ድስቱን ላመጣላት ወደ ጓዳ ስል ባዶ እጇን ተመለሰች።

በኋላ እህትህ ፊርደውስ ነገረችኝ። ለካ የዚያን ተወዳዳሪ ንግግር አንተም ፌስቡክ ላይ «ልክ ነው» ብለህ ለጥፈኸው፣ ሙሽራዋ ለእናቷ አሳይታታለች።

አጥፋው ልጄ። ከዚያ ደውልላት። ስለ ምርጫ አታንሳባት፤ «እትዬ፣ ድስታችንን ለምን ትተሽው ሄድሽ?» በላት ብቻ።

አላህ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ ለአገርህ ያብቃህ። ድስቱን አጥቤ በሩ ሥር አስቀምጬላታለሁ።

እናትህ ዘይና