ከስዕሉ ጀርባ የቀረው የአባባ ምርቃት

ለውድ እህቴ ለሙሉሃብት፣ ድሬዳዋ።

እንዴት ከረማችሁ? ባለቤትሽ ወንድሜ ከፋለ እንዴት ነው፣ የወገቡ ሕመም ቀለል አለለት? ሙሽራዋ ልጃችን ኤልሳቤጥስ? ትንሹ ተክለ ሚካኤልስ ትምህርቱን ወደደው? ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በእመቤታችን ጸሎት ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ጊደሯም ወልዳለች። እኔም አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ቁጭ ስል እነሣለሁ፤ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ከመንገድ እመለሳለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እናታችን ስለምትሰማ ነው። አንቺ በደወልሽ ቁጥር «ድምፁን አስጮኺልኝ» ብላ ስልኩን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። ስለዚህ ጽፌ ለጎረቤታችን ለሾፌሩ ለደሳለ እሰጠዋለሁ፤ እህል ጭኖ ወደ እናንተ ይወርዳል።

ነገሩ የሠርግሽ ሲዲ ነው። አባባ አንቺን የመረቁበትን በኤልሳቤጥ ሠርግ ላይ እናሰማ፣ አያቷም ይመርቋት ብለሽ ላኪልኝ ካልሽኝ ወዲህ እናታችን ሌላ ወሬ የላትም። አባባ ካረፉ በኋላ ድምፃቸው ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። እኔም እሺ ብዬሽ ነበር። አሁን ግን እሺ ያልኩት ነገር ከእጄ እያመለጠ ነው።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ የሲዲው ዳር ዳር እንደ ዝገት ቡናማ እየሆነ መጣ። ጋሸና ሄጄ ሠርግሽን በቪዲዮ ለቀረጸው ለአለሜ አሳየሁት። ያ ጎፈሬው ከካሜራው ይበልጥ የነበረው ልጅ መላጣ ሆኖ ብታዪው አታውቂውም። አገላብጦ አየውና «ይሄ ከዚያ ከተረገመ ካርቶን ነው» አለኝ። ያኔ በርካሽ የገዛቸው ሲዲዎች ሲሠሩ ጀምሮ ዳራቸው በደንብ አልተደፈነም፤ እርጥበት እየገባ የሚያብረቀርቀውን ሽፋን ይበላዋል። የብዙ ሰው ሠርግ እንዲህ ሆኖበታል። «ስንቱ ሙሽራ ዛሬ ማሽላ ላይ ተንጠልጥሎ ወፍ ያባርራል መሰለሽ» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወውና ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር እንደሆነ ነገረኝ። አስቢው እንግዲህ። ዳሱ፣ ጭፈራው፣ ሚዜዎቹ ጠላ ሲሻሙ፣ ሁሉም መሐል ላይ ደህና ተቀምጧል። ምርቃቱ የሽኝት ነውና የተቀመጠው ዳር ላይ ነው።

ያም ሆኖ አባባ እየተቆራረጡም ቢሆን እስከ ገና ይናገሩ ነበር። ለገና እናታችን ከላሊበላ የሚለጠፍ ትንሽ የቅዱስ ገብርኤል ስዕል ገዝታ መጣች። ሲዲው መታመሙን ሰምታለችና ይጠብቀው ብላ ጀርባው ላይ፣ ዳር በኩል ለጠፈችው። ሰንብቶ ቄስ ገብረ ዮሐንስ ጠበል ሊረጩ መጥተው ዴኩ ላይ ስናስቀምጠው አዩን። «አንቺ ሴት፣ መልአኩን እንደ ወፍጮ ታዞሪዋለሽ?» አሏት። ቀልድም ቁጣም ነበረበት። እናታችን ክው አለች። እሳቸው እንደወጡ ለብ ባለ ውኃ አርሳ በጥፍሯ ላጠችው፤ ምን ያህል በአክብሮት እንደላጠችው ባየሽ። ስዕሉን በሊጥ ምሰሶው ላይ ለጠፈችው። የሲዲው ሽፋን ግን ከስዕሉ ጋር ተነሥቶ ሄዷል። እኔ ከታች ያለው ፊቱ ካልተጫረ ምንም አይሆንም ብዬ ነበር፤ ለካ ሽፋኑ ያለው ከላይ ነው፣ ከቀለሙ ሥር። ሲዲውን ወደ ፀሐይ ባነሣው በተላጠው በኩል የጓሯችንን ባሕር ዛፍ አየሁበት።

አሁን ስናጫውተው አባባ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ ይላሉ፤ እኛ እጃችንን እንዘረጋለን፤ አንቺ አንገትሽን ደፍተሻል። አፋቸውን ሲከፍቱ ቀጥ ይላል። እኔ ላጠፋው ስነሣ እናታችን «ተያቸው፣ ትንፋሽ እየወሰዱ ነው» ትለኛለች። ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ምክንያቱ የእሷ ጥፍር መሆኑን አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት። ዴኩ አርጅቷል ብያታለሁ።

ያንቺስ? አለሜ ለሙሽራው ወገንም አንድ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ሲጫወቱበት ተፋፍቆ «ዲስክ የለም» ማለት ከጀመረ ቆየ ብለሽኛል። አለሜ እንዳለው ግን ከታች መፋፋቅ ብዙ ጊዜ ይወለወላል፤ ሽፋኑ ካለ ቃሉም አለ። ከዚያው ካርቶን መሆኑ እንቅልፍ ይነሳኛል። ደግሞ የእናንተ አገር ደረቅ ነው፣ የኛ ጭጋግ የለበትም እያልኩ እጽናናለሁ። እባክሽ ሣጥኑንም ቁም ሣጥኑንም ፈትሺ። ጥለሽው እንዳይሆን። ካገኘሽው ወደ ፀሐይ አንሺው፤ ብርሃን እንደ ወንፊት ካላሳለፈ ተስፋ አለው። ስትጠርጊው አታዙሪው፤ ለስላሳ ጨርቅ ይዘሽ ከመሐል ወደ ዳር ጥረጊው። ምንም አትለጥፊበት። ፎቶ ቤት ወስደሽ በፍላሽ አስገልብጪው፤ ለእኛም አንድ ላኪልን።

ስትደውዪ እናታችን እንደ ልማዷ ገና ሃሎ ሳትል ትመርቅሻለች። ሲዲው ደህና ከሆነ አሜንሽን ጮክ አድርገሽ በዪው። ካልሆነ እንደ ወትሮሽ በዪ፤ እኔ ይገባኛል።

ወንድሜን ከፋለን እጅ ነሥቻለሁ። ተክለ ሚካኤልን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሲዲውን ያገኘው እሱ ከሆነ ከዚህ ማር እልክለታለሁ። ጎረቤትሽን ሐቢባን ቴምሩ ደርሶናል በያት፤ እናታችን ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት ሲደርስ አንድ አንድ እያለች ትበላዋለች። ኤልሳቤጥን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። እናታችን ደግሞ ፊደል አትለይምና ከጎኔ ቁጭ ብላ የምጽፈውን የሰላምታ ደብዳቤ ነው ብላ እያየችኝ ነው፤ ለልጅቱ የምትልከው ቃል ይህ ነው፤ «አያትሽ ተነሥተው ቆመዋል፣ አንቺን ነው የሚጠብቁት»።

እህትሽ ሰርካለም

ገነተ ማርያም፣ ላስታ
የካቲት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.