የታሰረችው እብሪቅ እንድትፈታልን

ለጓድ ፈንታሁን
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ሐይቅ
ግንቦት 23 ቀን 1974 ዓ.ም.

እጅግ የማከብርዎ ጓድ ፈንታሁን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ሆድዎ ደህና ነው ወይ? እኔ፣ ባለቤቴና የስፌት መኪናዬ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነችው በእርስዎ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሂንድ ብቻ ናት። ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሂስ የማያደርግ ሰው የአብዮቱ እንቅፋት ነው ብለው ጠረጴዛ እየደበደቡ ስላስተማሩን፣ እንቅፋት ከምሆን ብዬ ይህንን ሂስ ጽፌ፣ ሰው ሁሉ እንዲማርበት አንዱን ቅጂ በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ፣ ሌላውን በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲያልፍ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። ሂንድ ገና ዳዴ ስትል ፖሊዮ ስለያዛት በእግሯ አትቆምም። ጠዋት አዝዬ ክፍሏ አደርሳታለሁ፤ ቀን ሽንት ቤት መሄድ ሲያሻት ደግሞ ከጤና ጣቢያ ለትምህርት ቤቱ የተመደቡት ነርስ፣ ሲስተር ተሾመች፣ አቅፈው ይወስዷታል፣ ልብሷን ያወልቁላታል፣ በእብሪቅ ውሃ እያፈሰሱ ያጥቧታል፣ አልብሰውም ወደ ክፍሏ ይመልሷታል። እብሪቅ እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ የሚይዛት፣ አፏ ሾጠጥ ያለ የውሃ ዕቃ ናት፤ የእኛዋ አረንጓዴ ፕላስቲክ ስትሆን፣ ልጅቷ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ በነርሷ ክፍል ጥግ ትቀመጥ ነበር። እስኪ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአብዮቱ የሚያሰጋው የቱ ነው? እርስዎ ግን አገኙት፤ ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፤ ስለ ንቃትዎ። በቢሮዎ መስኮት አሻግረው ሲመለከቱ ሲስተር ተሾመች የልጄን እጅና እግር በእብሪቅ ሲያጥቡ አይተው፣ በግቢው ውስጥ ለሶላት የሚታጠቡት ውዱእ እየተደረገ ሃይማኖት ይሰበካል ብለው አስቸኳይ ስብሰባ መጥራትዎ እጅግ አስደንቆኛል። ሱብሃነላህ! ማተባቸውን በአንገታቸው አስረው፣ በየወሩ የሚካኤልን ማኅበር የሚጠጡት ሲስተር ተሾመች እስልምናን ሲያስፋፉ ተይዘው ሂስ ተደረገባቸው። የሰፈራችን ሼህ ወሬውን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። እብሪቋም ማስረጃ ተብላ በቢሮዎ ቁም ሣጥን ተቆለፈባት፤ እስካሁንም ፍርድ አላገኘችም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥራ ክፍፍል። ነርስ የምትቀጠረው በሽተኛ ለመርዳት እንጂ ሰው ሽንት ቤት ለማድረስ አይደለም፣ ይህ ማንም ሊሠራው የሚችል ተራ ሥራ ነው ብለው ወስነዋል። ሲስተር ተሾመችም እነሆ በሙያቸው ተከብረው፣ ለሰልፍ የሚወጡ ተማሪዎችን መስመር ያስይዛሉ። ማንም ይሠራዋል ያሉትን ሥራ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ሰው ሲሠራው አላየንም። እርስዎም ቢሆኑ እጅዎን ሲያነሱ አልታየም።

ሦስተኛ፤ ወላጅ ይምጣና ያግዛት ብለው አዘዙ። ባለቤቴ ፈዲላ የሚጠባ ልጇን አዝላ ብትመጣ፣ ዘበኛው ሰላሀዲን አንገቱን ደፍቶ፣ በትምህርት ሰዓት ወላጅ ግቢ እንዳይገባ በፊርማዎ የወጣውን ትእዛዝ ነገራት። ሁለቱም ትእዛዝ የእርስዎ ነው። እኛም ሁለቱንም አከበርን፤ ፈዲላ መጣች፣ አልገባችምም።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ትንሽ ቢያልቅብኝ ይቅር ይበሉኝ። ልጄ የራሷን መላ አበጀች። ከንጋት ጀምሮ ውሃ የሚባል ነገር አትቀምስም ነበር። ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ጥርሷን ነክሳ ትማራለች። ወገቧን እያመማት ትኩሳት ሲጥላት ደሴ ወሰድኳት፤ ሐኪሙም ውሃ ካለመጠጣትና ሽንት ከመያዝ የመጣ የኩላሊት ሕመም ነው፣ እንዲህ ከቀጠለች እናጣታለን አለኝ። ተመልሰን ውሃ እንድትጠጣ አስገደድናት። ጠጣች። በዚያው ቀን ባንዲራ ሲወርድ፣ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ፣ እርስዎ ንግግር እያደረጉ ሳለ፣ እሷ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አመለጣት። አይተዋታል፤ ንግግርዎን ግን አላቋረጡም። ከኋላዎ የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም የሚል ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሲስተር ተሾመች ከሰልፉ ወጥተው ነጠላቸውን አልብሰው አቅፈዋት ሄዱ፤ ስለዚህም ውለታቸው ማስጠንቀቂያ ጽፈውላቸዋል፣ ብዕርዎ አይንጠፍ።

ልጄ ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፤ መጽሐፏን ግን ከእጇ አላወጣችም። ይኸው ነው አንጀቴን የሚበላው! የስድስተኛ ክፍል ፈተና የፊታችን ሰኞ ነው። ካመለጣት የሚያመልጣት ዓመቱ ብቻ አይደለም፤ ልጄን አውቃታለሁ፣ ዳግመኛ እዚያ ግቢ አትመለስም።

ስለዚህ የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም፤ የትራክተር ጣቢያ ወይም የመስኖ ግድብ አልጠየቅሁም። እብሪቋ ትፈታ፤ ሲስተር ተሾመችም ሰኞ በፈተናው ክፍል ደጅ ይቁሙ። እኔ በበኩሌ ሰኞ ጠዋት ልጄን ውሃዋን አጠጥቼ፣ አዝዬ አመጣታለሁ፤ ወላሂ፣ በዚያን ቀን የሚመልሰኝ ዘበኛ የለም። ኢትዮጵያ ትቅደም፤ ልጄ ደግሞ ቢያንስ ወደ ኋላ አትቅር።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ቁም ሣጥንዎን ያስፋው፣ መስኮትዎንም አይዝጋብን እያልሁ፣ በዚያው መስኮት ትይዩ ቆሜ እስከ መሬት እጅ የምነሳዎ፣

ልብስ ሰፊው ሙዘይን
የሂንድ አባት

ልረሳው ነበር፦ በኅዳር ተስቦ ይዞዎት ሆድዎ አልታዘዝ ባለዎት ጊዜ፣ ዘመድ አጠገብዎ ስላልነበረ፣ ደግፈው ሽንት ቤት ያመላለሱዎት፣ መነሳት ሲያቅትዎም ያጠቡዎትና አንሶላዎን የቀየሩልዎት ሲስተር ተሾመች ነበሩ። ማንም አልሳቀብዎትም፣ ስብሰባም አልተጠራም። ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱ እብሪቋን ልብ ብለው ይዩልኝ፤ እጀታዋ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ያኔ እርስዎን ያጠበችው እሷው ናት። ሲስተር ተሾመች ከመውሰዳቸው በፊት ሂንድን አስፈቅደዋት ነበር፤ እሷም፣ ጋሼ ፈንታሁን እስኪድኑ ለእሳቸው ትሁን፣ እኔ እታገሳለሁ አለች።