ፊልሙ፣ ማንጋው እና የፍጹም ጀልባ

ኅዳር 5፣ ሐሙስ። ጠዋት 2፡30

ውሃ መጣ። ሰባት ጀሪካን ሞልቻለሁ፣ ስምንተኛው ያፈሳል። እጄ ሳይደርቅ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ፤ ወረቀትሽ ቢጨማደድ ይቅርታ።

ዜና አለኝ። «ጀልባ ነጂዋ» ፊልም ሆነች! አኒሜሽን። ቅዳሜ የፊልም ክበባችን ዩኒቨርሲቲው ዓዲ ሓቂ ግቢ፣ ካፌው ፎቅ ላይ ያሳያታል። ከፊልሙ በኋላ አንድ ሰው ተነስቶ ከማንጋው፣ ከጃፓኑ የሥዕል መጽሐፍ ጋር ያነጻጽር ተባለ። ማን ጨርሶ አንብቧል? እጄን አወጣሁ።

አንቺ አዲስ ስለሆንሽ አታውቂም። ማንጋው ዐሥራ ሁለት ቅጽ ነው። ሳዮ የምትባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለች፣ ደሴት ላይ የምትኖር። አባቷ በጭጋግ ቀን በሰው ጀልባ ወጥቶ ቀረ። የእሱን ጀልባ እሷ ትነዳለች፣ ሰው ታሻግራለች፣ ትጠብቃለች። እስከ ሰባተኛው ቅጽ በስልኬ አነበብኩ። ከዚያ ያ ጊዜ መጣ፤ መቐለ ተዘጋች። ኔትወርክ የለ፣ መብራት የለ፣ ት/ቤት የለ። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ያለውን የነገረኝ ወንድሜ ፍጹም ነው፤ እሱ ቀድሞኝ ጨርሶት ነበር። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ወራት ፈጀ። ያላየሁት ገጽ ሁሉ ዐይኔ ላይ አለ።

ፍጹምን ቅዳሜ ና አልኩት። ተረኛ ነኝ አለ። (ከከተማው ወጣ ብሎ ዓይናለም፣ የውሃ ጉድጓዶቹ ፓምፕ ላይ ነው የሚሠራው።) ተቀያየር አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የታሰረ ጫማ። ምን ሆኗል?

ክፍል አለኝ። ቻው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 11 ሰዓት

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

በቅደም ተከተል ልጻፍ። ፊልሙ ቆንጆ ነው። ውሸት አልጽፍልሽም። የሞተሩ ድምፅ! ማንጋው ድምፅ የለውም፣ እዚህ ግን ሞተሩ ሲያስል፣ ሲጠፋ፣ ሲነሳ ደረቴ ውስጥ ገባ። ቀለሙም ጥሩ ነው። ግን አለ ግን። ማንጋው ላይ የሳዮ እጅ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ገመድ የበላው። ፊልሙ ላይ የሙሽራ እጅ። ማንጋው ላይ ጭጋጉ ብቻውን ሦስት ገጽ ይይዛል፤ ቃል የለም፣ ሰው የለም፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ታገላብጫለሽ። ፊልሙ ላይ ዐሥር ሰከንድ፣ ያውም ከቫዮሊን ጋር። መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ጎረምሳም ጨምረዋል፣ የሚወዳት። ለምን?

መጨረሻው ደግሞ። የአባቷ ሬሳ ተገኘ። ቀብር። መብራት ባሕር ላይ ለቀቁ። አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል፣ እኔ ተናደድኩ።

ተነስቼ ተናገርኩ። ፊልሙ መጽሐፉን ከድቷል አልኩ። አባትየው አይሞትም፤ ጺም አሳድጎ በሌላ ጀልባ ይመለሳል፣ ሳዮ አታውቀውም፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ «ሒሳብ!» ትለዋለች፤ ሲስቅ ነው የምታውቀው። ይህን የመሰለ መጨረሻ እያለ ሬሳ ማምጣት ምን ይሉታል አልኩ። ተጨበጨበ። ሁለት ደቂቃ ያህል ትልቅ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ቃልኪዳን እጇን አወጣች። የባሕር ዳር ልጅ ናት፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ረጋ ያለች። ስንተኛው ቅጽ ላይ ነው አለችኝ። ዐሥራ ሁለት አልኩ። ታብሌቷን ይዛ መጣች። ዐሥራ ሁለቱም ቅጽ አለ። የመጨረሻውን ከፈተችው። አባት የለም። ጺም የለም። ሳዮ ጀልባውን ታስራለች፣ ትቀመጣለች። የመጨረሻው ገጽ ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን መሥመር፣ የባሕሩ ዳር። በቃ።

ሌላ እትም ይሆናል አለች፣ እኔን ለማዳን። ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ይብሳል። ቃልኪዳን (ቃል ነው የምንላት) ደረጃው ድረስ ተከትላኝ መጥታ ፋይሉን በሙሉ ወደ ስልኬ ላከችልኝ። አመሰገንኳት? አላስታውስም።

ኅዳር 8፣ እሑድ። ከሰዓት በኋላ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አልጋዬ ላይ ነኝ። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት አነበብኩ፣ ሳልነሳ።

አንድም የለም። ፍጹም ከነገረኝ አንድም ነገር የለም! ሞተሩን ለመጠገን ሦስት ቀን የፈጀው ምዕራፍ፣ የለም። (አሁን ገባኝ፤ ያኔ እሱ የሞተር ጥገና ተማሪ ነበር። ፒስተኑን፣ ጋስኬቱን፣ ሁሉን በስም ጠርቶ ነው የነገረኝ።) አህያዋን ካላሳፈርኩ ያሉት አሮጊት፣ የሉም። የጃፓን ጀልባ ላይ አህያ! ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ሰው ነበርኩ እኮ፣ እንዴት አልጠረጠርኩም?

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፣ እሱን መጻፍ ከብዶኛል።

ያኔ አቦይ አልነበረም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገዱ ሳይዘጋ በዐፋር በኩል ወጥቶ እዚያው ቀረ። ከዓመት በላይ ድምፁ የለ። ሰው በሹክሹክታ ለቅሶ ተቀመጡ ይለን ጀመር። አንድ ቀን ፍጹም ከጋራዥ ሰፈር እየሮጠ መጣ። እርዳታ ጭኖ የገባ ሹፌር አግኝቶ፣ አቦይ ኮምቦልቻ የእማዬ ዘመዶች ጋ በሕይወት አለ ብሎ ነገረኝ አለን። እማዬ የዚያን ቀን ራሷን አጥባ ፀጉሯን ተሠራች። በዚያ ወሬ ኖርን። ሹፌሩን ግን ከፍጹም በስተቀር ማንም አላየውም።

አቦይ ተመልሷል፣ ተመስገን፤ አሁንም ሳሎን ያወራል፣ ድምፁ ይሰማኛል። ታዲያ ምን ለውጥ አለው? እንጃ። ግን አለው። ያም ተረት ከሆነ፣ እማዬ ያን ሁሉ ወር በባዶ ላይ ነው የቆመችው። እኔም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ፍጹም ቤት አልመጣም። መልእክት ላክሁ። ተረኛ ነኝ። ሁለተኛ ላክሁ። ተረኛ ነኝ። ሰው ሃያ አራት ሰዓት ተረኛ ይሆናል? ቃል ደግሞ ዛሬ ካፌ ጠራችኝ፤ ንግግርሽ ከፊልሙ ይሻል ነበር አለች። ሽሙጥ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን አይመስለኝም።

ነገ ክፍል የለኝም። ዓይናለም እሄዳለሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሄድኩ። ከታክሲው ወርጄ በእግሬ፣ ነፋሱ አቧራ ያለብሳል። ፍጹም ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ሰው የሞተ መስሎት። ከዚያ እጄ ላይ ስልኩን፣ ስልኩ ላይ ሳዮን አየ። ትከሻው ወረደ።

«ስንተኛው ላይ ነው ያቆምከው?» ብዬ ጮህኩ።

«እንታይ? ምን?»

«ስንተኛው ቅጽ!»

ወደ ውጭ አወጣኝ። «ስምንተኛውን ጀምሬው ነበር» አለ።

«ስንት ገጽ?»

«ሽፋኑን።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ለምን አልኩት። መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ። ሦስት ቀን ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኛሽ አለኝ። አትበዪም፣ አታወሪም። እማዬ ማልቀስ ጀመረች። በአራተኛው ቀን ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽ፤ የሳዮ አባት ይመለሳል ወይ አልሽኝ። አላውቅም ልበልሽ? ይመለሳል፣ ግን ገና ነው አልኩሽ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መፍጠር ግዴታ ሆነብኝ። ጠዋት ጠዋት እንጨት ስፈልግ የዛሬውን ምን ልበላት እያልኩ ነበር የምሄደው።

እኔ ይህን አላስታውስም። ግድግዳውን አላስታውስም። አህያዋን ግን አስታውሳለሁ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጠየቅኩት፤ ሹፌሩስ? እሱንም ፈጥረኸው ነው?

ፊቱ ተለዋወጠ። «እሱ እውነት ነው።»

«እንዴት ልመንህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «ሓፍተይ፣ እህቴ» አለ፣ «በእማዬ ልብ እጫወታለሁ? ካላመንሽ አቦይን ጠይቂው።» ገብቶ ቆጣሪ ማንበብ ጀመረ። ሳልሰናበተው መጣሁ።

አቦይን ጠይቂው። ለእሱ ቀላል ነው። ስለዚያ ጊዜ ቤታችን ውስጥ አይወራም። አቦይ ከገባበት ቀን ጀምሮ ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም፣ እሱም እኛን።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል

ጠየቅኩት። ጠየቅኩት!

ምሳ ላይ ነበር። ጾም ስለሆነ ሽሮ። እማዬ ጎረቤት ሄዳለች። ሁለታችን ብቻ። ሦስት ጉርሻ ያህል ቃላቱን አኘክኋቸው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፦ አቦይ፣ ኮምቦልቻ እያለህ በሹፌር መልእክት ልከህ ነበር?

አቦይ አልተገረመም እንኳን። ልኬ ነበር እንጂ አለ። እንዲያውም ማውራት ፈልጎ ጠያቂ ያጣ ነው የመሰለኝ። ሹፌሩ ወረቀት አልይዝም፣ ፍተሻ አለ ብሎት ነው፤ በቃል ብቻ። ፍጹምን ሁለት ነገር በለው ብዬው ነበር አለ። አንደኛ፣ ደኅና ነኝ። ሁለተኛ፣ የመፍቻ ሣጥኑ ቁልፍ አሮጌው ሬዲዮ ውስጥ፣ ባትሪው ቦታ ነው፤ ከፍተህ ሥራበት፣ እናትህንና እህትህን አብላ።

«ቁልፉን አላገኘውም እንዴ?» አለኝ፣ ግር ብሎት።

ደብተሬ፣ ሣጥኑ! የአቦይ የብረት ሣጥን ከሄደ ጀምሮ ዓመት ሙሉ ተቆልፎ አልጋ ሥር ነበር። ቁልፉ የት እንዳለ እማዬም አታውቅም። ከዚያ አንድ ቀን ተከፈተ፤ ፍጹም መፍቻዎቹን ይዞ የሰሜን ክፍለ ከተማን ወፍጮ ቤቶች እየዞረ ይጠግን ጀመር፣ በዱቄት ይከፍሉታል፣ እኛም እንበላለን። እኔ ሰብሮ የከፈተው ነበር የመሰለኝ። ምሳውን ትቼ ሄጄ ከአልጋው ሥር ጎተትኩት። መቆለፊያው ደኅና ነው። አንድ ጭረት የለውም።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዕንባው እንዴት እንደሚቀል! አቦይ በሩ ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ እንጀራ ይዞ፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽ ይላል። አገኘው አልኩት። ቁልፉን አግኝቶታል። አቦይም አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ አወራኝ። ኮምቦልቻ ስንት ጋራዥ ውስጥ እንደሠራ፣ የእማዬ አጎት እንዴት እንዳስቀመጡት፣ በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደ ወደ መቐለ የሚገባ ሰው ሲጠይቅ እንደሚውል። ሽሮው ቀዘቀዘ። ማን ስለ ሽሮ?

11 ሰዓት። ለፍጹም ደወልኩ። ይቅርታ አልኩት። አላስጨረሰኝም። የጠየቀኝ ምን ይመስልሻል? ፊልሙ ላይ አባትየው ምን ሆነ አለኝ። ሞተ አልኩት። «ተሳስተዋል» አለ። ከልቡ ነው። ተሳስተዋል!

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ከክበቡ አሁን ገባሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ጉንጬ ከሳቅ ብዛት ያመኛል።

እንደገና ልናገር ብዬ ራሴ ጠየቅኩ። ፈቀዱ። የዛሬ ሳምንት የነገርኳችሁ መጨረሻ ከመጽሐፉ አይደለም፣ ከወንድሜ ነው አልኩ። ለምን እንደሆነም በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ድምፄ አንድ ቦታ ብቻ ተሰበረ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ በሥርዓት አነጻጸርኩ፤ ጭጋጉን፣ እጇን፣ ሞተሩን፣ ትርፉን ጎረምሳ። ፊልሙ ሐዘናችንን ጨርሶልን ይሄዳል፣ መጽሐፉ ለእኛ ይተወዋል አልኩ። ቃል ስትጽፈው አየሁ።

ፍጹምም መጣ። ተቀያይሮ። የሥራ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ከኋላ ቆሞ ነበር። ልጆቹ ሲያውቁት አለቀቁትም፤ ና ንገረን። አፈረ፣ እምቢ አለ፣ ከዚያ ጀመረ። አማርኛው ሲያጥረው ትግርኛ ይጨምራል፣ የሐዋሳ ልጆች ሳይቀሩ ገባቸው። ሳዮ ጺማሙን ሰውዬ «ሒሳብ!» ስትለው አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ። ቃል ዕንባዋን ትጠርግ ነበር።

ስንወጣ ቃል ከሦስቱ መጨረሻዎች የቱ ይበልጣል አለችኝ። ፍጹም እየሰማ። መጽሐፉ አልኩ፣ ሳላመነታ። ፍጹም አልተቀየመም፤ እኔም አንብቤ ልፍረድ አለ፣ ፋይሉን ላኪልኝ።

መንገድ ላይ ግን ሳስበው ነበር። ያ ነጭ ገጽ ያኔ እጄ ቢገባ ኖሮ፣ ያቺ አንዲት መሥመር፣ እንደገና ወደ ግድግዳው እዞር ነበር። ዛሬ ቆንጆ ነው ማለት እችላለሁ። አቦይ ሳሎን ኳስ እያየ ዳኛውን ይሳደባል፣ እማዬ ቀስ በል ጎረቤት ይሰማል ትለዋለች። ነጭ ገጽ ቆንጆ የሚሆነው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

ወስኛለሁ። የፍጹምን እሥለዋለሁ። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት፣ በእርሳስ፣ የሚያስታውሰውን እሱ ይነግረኛል፣ የረሳውን እኔ። ለክበቡ አይደለም። ለእማዬ ነው፤ እሷ ያኔ ውስጥ ሥራ ላይ ስለነበረች ከበሩ ጀርባ ግማሹን ብቻ ነው የሰማችው፣ መጨረሻውን እስከ ዛሬ አታውቅም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወፍራም ወረቀት እገዛለሁ።